ሠላሳ አራት ጥርስ

ላፍቶ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት አገር ድረስ ይድረስሽ። ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ስሙ ይባረክ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ እየራቀኝ ሄዷል። የግራው ከነጭራሹ ተዘግቷል፤ የቀኙ መዶሻ ሲመታ ይሰማል፣ ሰው ሲናገር ግን አይለይም። የጎረቤታችን ልጅ ኮርሳ «በቴሌግራም ድምፅ ቅረጽላት፣ እሷም ትቅረጽልህ» ይለኛል። ለየትኛው ጆሮዬ? የኔ ስልክ ደግሞ እንደምታውቂያት ቁልፏ የተፋቀ ናት፤ አንድ ቃል ለመጻፍ አንድ ጎማ መለጠፍ ይቀላል። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመልሻለሁ። ኮርሳ አሁን አበባ ላኪ ድርጅት ውስጥ ስለሚሠራ በየወሩ ተኩል እናንተ አገር ይመላለሳል። ይህንን በእጁ ይሰጥሻል።

ሱቃችን ያው ኮንቴነሩ ነው። መንገዱ ግን ሌላ ሆኗል። አንቺና እኔ በታክሲ መሀል ስንሽሎከለክበት የነበረው ቦታ ላይ ለብስክሌት ብቻ የተከለለ መስመር ሠርተዋል። ብስክሌት ለጥገና የሚያመጣው ሰውም በዝቷል።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አሮጊቷን ብስክሌቴን ታውቂያታለሽ፤ ከኋላ ስድስት ማርሽ ናት፣ ትልቁ ማርሽ ሃያ አራት ጥርስ ነው። ወደ ለቡ መብራት ኃይል የምትወጣው ዳገት ዘንድሮ ጠነከረችብኝ። ማርሹ ትልቅ ሲሆን ለእግር ይቀላልና፣ ሃያ ስምንት ጥርስ ያለው ካገኘሽ ላኪልኝ። መርካቶ ወርጄ ፈልጌያለሁ፤ ያለው ሁሉ የአዲሶቹ ነው፣ የኔዋ ላይ አይገጥምም።

የቤቴ እመቤት፣ እቴቴሽ፣ ደህና ናት።

እጅሽን ጌታ ይባርከው።
አጎትሽ ደገፋ


ጌንት፣ ቤልጂየም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና አይንፈግዎት። ደብዳቤዎን ኮርሳ ባቡር ጣቢያ ላይ ሰጠኝ። ከጽሑፉ በፊት ያየሁት ጥግ ላይ የታተመውን የአውራ ጣትዎን ዘይት ነው። ባቡሩ ውስጥ አሸተትኩት። አይሳቁብኝ።

እኔ አሁንም ሰው የጣላቸው ብስክሌቶች የሚፈታቱበት ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። ደህናው ዕቃ ይለያል፣ የቀረው ለብረት አቅላጭ ይሄዳል። እዚህ የሚጣለውን ቢያዩ ያለቅሳሉ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ገና ነው፤ ሲያልቅ እጽፍልዎታለሁ።

ያሉትን አግኝቻለሁ። እንደ እርስዎው ማርሽ በክር የሚጠብቅ፣ ባለ ስድስት፣ ትልቁ ሃያ ስምንት ጥርስ። ከእኔ በዕድሜ ከሚበልጥ ብስክሌት ላይ ነው የፈታሁት፤ አጥቤ ዘይት ቀብቼዋለሁ። የድሮው ካቴና ሁለት ሦስት ቀለበት ሊያጥርብዎት ስለሚችል ሳይለኩ እንዳያስሩት።

ያቺ ዳገት ግን ምን ነካት? ሰባት ዓመቴ ላይ ወደ ቤታችሁ ስመጣ ጀምሮ አውቃታለሁ። እኔን ከፊት፣ የጎማ ጥቅል ከኋላ ጭነው ወደ ላይ ሲወጡ ይዘምሩ ነበር።

ለእቴቴ ሰላም በሉልኝ። መስማት ከፈለገች።

ትሕትና


ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

በመግባትሽም በመውጣትሽም ጌታ ይጠብቅሽ። የላክሽው በሰላም ደረሰ። ኮርሳን ኤርፖርት ላይ ፈታሾቹ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው አስቁመውት «የጋሽ ደገፋ ጥርስ ነው» ብሎ አሳቃቸው አሉ።

ገጠምኩት። እንዳልሽው ካቴናው አጠረ፤ ከሌላ አሮጌ ካቴና ሦስት ቀለበት ቆርጬ ቀጠልኩበት። ካምቢዮው፣ ማለት ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚገፋው ክንድ፣ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ እምቢ አላለም። ዳገቷን እስከ ግማሽ ወጣሁ። ከግማሽ በኋላ ወርጄ ገፋሁ።

ስለዚህ እንደገና ላስቸግርሽ ነው። ሠላሳ አራት ጥርስ ይገኛል? ከተገኘ የኋላው ቸርኬም አብሮ ይምጣ፣ ጠንካራ ይሁን፣ የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ ራጂዎቹ፣ ሠላሳ ስድስት ይሁኑ። ዕቃ ማመላለስ ጀምሬያለሁ። በጣም ከባድ አይደለም፤ ግን ሊሰበር የሚችል ዕቃ ነው። ዳገት መሀል ቆሜ እንዳልንገጫገጭ እፈራለሁ።

ዳገቷ ምን ነካት ብለሽኛል። ዳገቷ ያው ናት። እኔ ስልሳ አራት ሞላኝ።

እቴቴሽ ሰላም ትልሻለች።

አጎትሽ ደገፋ


ጌንት፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

በዓሉን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሥራውን ልጨርስ፣ ከዚያ እጣላዎታለሁ።

በክር የሚጠብቅ ሠላሳ አራት አለ። ግን በዚያ ዓይነት ቸርኬ ላይ ክብደት ሲጫን የኋላው ዘንግ ይጎብጣል፤ ዕቃ እጭናለሁ ካሉ አይሆንም። ስለዚህ የአዲሱን ዓይነት ሙሉ ቸርኬ ልኬያለሁ፣ ባለ ስምንት ማርሽ፣ ራጂው ሠላሳ ስድስት። ኮርሳ በትልቅ ካርቶን ይዞት ይመጣል፤ ብዙ ስላጉረመረመ አመስግኑልኝ።

ይኼ ቸርኬ ከእርስዎ ብስክሌት በአራት ሚሊሜትር ይሰፋል። አካሏ ብረት ስለሆነ ይከፈታል፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሚሊ። አሉሚኒየም ብትሆን «እንዳይነኳት» እልዎት ነበር። የድሮው ካምቢዮ ክንዱ አጭር ነው፣ ሠላሳ አራት ላይ አይደርስም፤ ረጅም ክንድ ያለው አብሮ አለ። ማርሽ መቀየሪያውን ግን እንዳለ ይተዉት። አዲሶቹ መቀየሪያዎች በየማርሹ ቀጭ እያሉ ስለሚቆሙ ከራሳቸው ዘመን ዕቃ ጋር ካልሆነ አይስማሙም። የእርስዎ አሮጌ ማንሻ ቀጭ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እጅዎ ባቆመበት ይቆማል። ስድስትም ሆነ ስምንት ግዱ አይደለም። የፊቱ ጥርስ ከአርባ ሁለት በታች ስለማይቀበል እሱም ይቆይ።

ካቴናው ግን አዲስ ይሁን። ጋሼ፣ አዲስ! በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። የድሮው ስንት ዓመት ተጎትቶ ተለጥጧል፤ አዲስ ጥርስ ላይ አይቀመጥም።

አሁን ልጣላዎት። በሦስት ወር ውስጥ ከሃያ አራት ወደ ሃያ ስምንት፣ ከሃያ ስምንት ወደ ሠላሳ አራት። እንዲህ የሚል ደንበኛ ሱቅዎ ቢመጣ እርስዎ ራስዎ «መጀመሪያ ልብህን ተመርመር» ይሉት ነበር። ልብዎ ነው? ኮርሳን ጠየቅሁት። «ጋሽ ደገፋ ደህና ነው» አለኝና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሠረ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር።

እባክዎን ይጻፉልኝ።

ትሕትና


ላፍቶ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

የሰማይ አምላክ ከፍርሃት ሁሉ ይሰውርሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ልቤ ደህና ነው። አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ተመርምሬያለሁ፤ ሐኪሙ ብስክሌት እንደምነዳ ሲሰማ እሱ ራሱ ብስክሌት ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።

ሥራውን ልንገርሽ። ረጅም ባለ ክር ብረት ገዛሁ፤ ከኋላ ሁለቱ እግሮቿ መካከል አስገብቼ፣ ሁለት ዳዶ ከውስጥ በኩል እያዞርኩ ሩብ ሩብ ዙር ገፋኋቸው። ብረት ሲለቁት ወደነበረበት መመለስ ይወዳል። አራት ሚሊ ለማግኘት አሥር መክፈት ነበረብኝ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ ትሰበር ይሆን እያልኩ ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከዚያ ከፊት አንገቷ እስከ ኋላ በሁለቱም ጎን ሲባጎ ወጥሬ ለካሁ። አንድ ሚሊ ወደ ግራ አዘንብላለች፤ አቃናኋት። ቸርኬው ገባ። ስምንቱም ማርሽ በዚያ አሮጌ ማንሻ ታዘዘ። ድምፁን ባልሰማም ካቴናው ከማርሹ ጋር ሲስማማ እግሬ ላይ ይታወቀኛል።

ካቴናውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። አዲሱን ለክፉ ቀን ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሮጌውን በጋዝ አጥቤ አሰርኩ፤ ደህና ይመስል ነበር። ረቡዕ ጠዋት ዳገቷ መሀል ስንደርስ፣ ሠላሳ አራቱ ላይ አድርጌ ጫን ብዬ ስረግጥ ዘለለ። እግሬ ባዶ ረገጠና ወደቅን። አትደንግጪ፣ ሣሩ ላይ ነው። ክርኔ ብቻ ተላጠ። አዲሱን በዚያው ዕለት ገጠምኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለም። ልክ ነበርሽ። ያስተማርኩሽን ረስቼ አንቺ አስታወስሽኝ።

አጎትሽ ደገፋ


ጌንት፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ኮርሳን እስክጠብቅ አልቻልኩም። ይህን ነገ ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ ነርስ ሰጥቻታለሁ፤ ላፍቶ ድረስ አደርሳለሁ ብላኛለች።

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። «ስንደርስ» ይላል። «ወደቅን» ይላል። ዕቃ የጫነ ሰው «ወደቅኩ፣ ዕቃውም ወደቀ» ነው የሚለው።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። እስከ ዛሬ በየደብዳቤዎ መጨረሻ ስለ እቴቴ አንዲት መስመር ትኖር ነበር። አንዲት ብቻ፣ ግን ትኖር ነበር። በዚህኛው የለችም።

ከኋላዎ የሚቀመጠው ማነው? እቴቴ ምን ሆነች?

ትሕትና


ላፍቶ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

ጌታ ልብሽን ያጽናው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መጀመሪያ የምነግርሽ በሕይወት መኖሯን ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ምን እንደምጽፍ ታያለች።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስትለብስ ቀኝ እጇ ከእጅጌው አልወጣ አለ። ልትጠራኝ ሞክራለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጫማዬን እየወለወልኩ ነበር፤ አልሰማሁም። ዘወር ስል ወለሉ ላይ ናት። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እግሯና ቀኝ እጇ ደከመ፣ ንግግሯም ተጎተተ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ አፏ ላይ እስኪደርስ ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጎረቤቱ «አንተ አትሰማ፣ እሷ አትናገር፣ እንዴት ነው የምትግባቡት?» ይለኛል። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በዚህ አይቸገርም።

በሳምንት ሦስት ቀን ለቡ መብራት ኃይል ፊዚዮቴራፒ መሄድ አለባት። በታክሲ ሞከርን። አንድ ቀን ረዳቱ «እናት ቶሎ በይ፣ ሰው ይጠብቃል» አላት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። እሷ ግን ወረደችና በእግሬ ካልሄድኩ አለች። ሦስት መቶ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ ወዲያ ታክሲ የሚባል አልገባም አለች። እኔ ደግሞ ያለኝ ሙያ አንድ ነው። ከተጣለ የቢሮ ወንበር መደገፊያ ፈትቼ ከኋላ አስበየድኩ፤ ቀበቶ አደረግሁለት፣ ለቀኝ እግሯም ማሳረፊያ። የመጀመሪያው ቀን ዓይኗን ጨፍና እየጸለየች ሄደች። አሁን ዓይኗን ገልጣ ሰው ሰላም ትላለች፤ በግራ እጇ።

የወደቅን ዕለት ከሰው እርምጃ አንፈጥንም ነበር፤ ምንም አልሆነችም። እኔ ተነስቼ ሳያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለኝ። ተንበርክኬ ፊቷን ሳየው እየሳቀች ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና አብሬያት ሳቅኩ። መንገደኛው አበዱ ብሎናል።

ያልነገርኩሽ ቃል ስላስገባችኝ ነው። ኮርሳንም እንደዚሁ። «ከታመምኩ በኋላ ከመጣች የመጣችው ለበሽታዬ ነው፣ ለእኔ አይደለም» አለችኝ። ይህን ብላ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። ዛሬ ደብዳቤሽን አነበብኩላት። «ልንገራት?» ስላት ፊቷን አላዞረችም። እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ባለፈው «ሊሰበር የሚችል ዕቃ» ብዬ መጻፌን አይታ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

አጎትሽ ደገፋ


ጌንት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼና ለእቴቴ፣

እግዚአብሔር ሁለታችሁንም በአንድ ላይ ይጠብቅልኝ። ጋሼ፣ ይህን ጮክ ብለው ያንብቡላት። ለእርስዎ የጻፍኩትም ቢሆን ለእሷ ነው።

እቴቴ፣ ለሦስት ወር የጥገና ሥልጠና ብዬ ከቤት ስወጣ እንደማልመለስ አውቅ ነበር። ሳስበው ከርሜያለሁ። ኤርፖርት ላይ «በሦስት ወር ያገናኘን» ብለሽ አቅፈሽ ስትመርቂኝ «አሜን» አልኩሽ። ከዚያ ከዚህ ደውዬ እንደቀረሁ ስነግርሽ «እንግዲህ ድምፅሽን አታሰሚኝ» አልሽ። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል እንደ ሰበብ ያዝኩት። እሷ ናት አትደውይ ያለችኝ፣ እሷ ናት አልመጣም ያሰኘችኝ፣ እያልኩ።

ሌላም ውሸት አለ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው ብዬ ለጋሼ ጽፌያለሁ። ወረቀቱን ካገኘሁ አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል። ግንቦት ላይ ሰጡኝ። አንቺ በሐምሌ ከመታመምሽ ሁለት ወር በፊት መሆኑ ነው። መጥቼ ቢሆን ኖሮ እጅሽ ከእጅጌው አልወጣ ሲል የሚሰማሽ ሰው ቤት ውስጥ ይኖር ነበር።

ያልመጣሁት ፈርቼ ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ አይተሽኝ ዝም ብለሽኝ ወደ ውስጥ ብትገቢስ ብዬ።

ለበሽታሽ እንዳልሆነ በምን ላሳይሽ? ማስረጃ የለኝም። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የሦስት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ልምጣ? አትምጪ ካልሽ ቲኬት አልቆርጥም፤ ዕቃውን ብቻ እልካለሁ። ለጋሼ አንድ ትርፍ ካቴናና የፍሬን ጎማ ከኮርሳ ጋር ልኬያለሁ። ቁልቁለቱንም አስቡበት፤ ሁልጊዜ የምናስበው ዳገቱን ብቻ ነው።

ትሕትና


ላፍቶ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እንዳልሽው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የኔን ድምፅ እኔ ስለማልሰማው ሳይታወቀኝ ጮኼ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ሰምቷል። የሆነውን እንደሆነ ልንገርሽ።

ስለ ሐምሌ የጻፍሽው ላይ ስደርስ በግራ እጇ ወረቀቱን ሸፈነችው። «አይደለም» አለች። ያ ቃል ቶሎ መጣላት። እኔም፣ ያን ቀን ጫማዬን ስወለውል የነበርኩት ሰውዬ፣ «አይደለም» የተባለው ለእኔም ጭምር እንደሆነ ገባኝ። ሦስት ቀን ስለ አንቺ አንድ ነገር አልተነፈሰችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

በአራተኛው ቀን ወደ ክሊኒኩ ስንወጣ ጀርባዬን መታችኝ። መንገድ ላይ የምንነጋገረው እንዲህ ነው፤ አንዴ ስትመታኝ ቁም ነው፣ ሁለቴ ሂድ። አንዴ መታችኝ። ዳገት መሀል መቆም አልወድም፣ ግን ቆምኩ። ከንፈሯን ለማየት ዞርኩ።

«ክፍሏን» አለች።

ጠበቅኋት። ሁለት ልጃገረዶች በብስክሌት ደወል እየደወሉ አለፉን፤ ደወሉን ያወቅሁት ጣታቸውን አይቼ ነው።

«ክፍሏን… ባዶ… አድርግ» አለች።

ክፍልሽን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ከሄድሽ በኋላ አንድ ጎማ አስቀመጥኩ፤ ቀጥሎ ሁለት ቸርኬ፤ ቀጥሎ በሩ አልዘጋ እስኪል ድረስ ሞላሁት። እሷም በዚያ በር በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አወጣሁ። ወንበር አስወጥታ በሩ ላይ ተቀመጠችና በግራ እጇ ታዝዘኛለች። መስኮቱን ከውጭም ወለውለው አለችኝ። መጋረጃ አስገዛችኝ፤ ቀለሙን አልወደደችውም፣ መልሼ አስቀየርኩ።

ልጄ፣ «ትምጣ» አላለችም። ያለችውን ጽፌልሻለሁ።

ቲኬትሽን ቁረጪ።

አጎትሽ ደገፋ


ጌንት፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ለሁለታችሁም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። አልጋዬ ጠቦኛል፤ ሦስት ሳምንት በራሴ ክፍል ተኝቼ መጥቼ ነው መሰለኝ።

በር ላይ ስትቀበሉኝ የሆነውን እርስዎም አይተዋል። እቴቴ ከወንበሯ አልተነሳችም፣ እኔም ከደጃፉ አልገባ አልኩ። ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች። የምትስመኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው። ጥፍሬ ሥር ያለውን ዘይት አየች። «እንደሱ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ እርስዎ እያመለከተች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስለ ሁሉ ነገር አወራን፤ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ክሊኒኩ ሴትዮ። ስለ መቅረቴ ግን አንድም ቃል አላነሳንም። የምሄድበት ቀን ሲቃረብ «በቃ፣ ይሁን» ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ረቡዕ «ዛሬ እኔ ልንዳት» አልኩዎት። እርስዎ የደንበኛ ብስክሌት ይዘው ከኋላ ተከተሉን። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ «ምን ትልሽ ነበር? አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ» ብለው ጠየቁኝ። «ምንም» አልኩዎት። ዋሸሁ። አሁን ልንገርዎት፤ እሷም ንገሪው ብላኛለች።

ድልድዩን አልፈን ዳገቷ ስትጀምር ማንሻውን ወደ ሠላሳ አራቱ ሳብኩት። ካቴናው ቦታውን ያዘ፣ መርገጥ ጀመርኩ። ጀርባዬን አንዴ መታችኝ። ልቆም ስል ወዲያው ሁለቴ መታችኝ። ሂጂ ነው፤ ግን ስሚኝ ማለቷ ነበር።

«ሻንጣሽን» አለች።

እኔ እረግጣለሁ። የትምህርት ቤቱን አጥር አለፍን።

«ብትነግሪኝ» አለች።

ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት እናንተ ጸሎት ላይ ሳላችሁ ነበር፤ ጋሼ፣ ይህንን አያውቁም። የሦስት ወር ጉዞ እንዲመስል ስስ ስስ ልብሶች ብቻ ከተትኩ። ወፍራሞቹን ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀሉ ተውኳቸው። ማንም ያላየኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በማግስቱ ቁም ሳጥኑን ከፍታ አይታለች፤ የብርድ አገር ሄጄ ሹራቤ ሁሉ እዚያው እንዳለ። እኔ ገና በስልክ ሳልነግራት አልመለስም ማለቴን ያወቀችው ያኔ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እያወቀች ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

አንድ አውቶቡስ አለፈን። ዳገቷ የምትጠነክርበት ቦታ ደርሰናል፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መጥረግ አልቻልኩም። ዞር ብል ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ። ብቆም ደግሞ ዳገት ላይ መልሶ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ፊት ለፊቴን እያየሁ መርገጤን ቀጠልኩ።

«ብትነግሪኝ… እኔ… አጣጥፍልሽ ነበር» አለችኝ። «ሹራብ… አስገባልሽ… ነበር።»

ከድልድዩ ጀምራ ይህንን ስትጨርስ ክሊኒኩ ይታያል።

እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጉልበቷን ያዝኩት፣ እሷም እጄን በላዩ ላይ ያዘችው። የቀረውን ዳገት የወጣሁት በአንድ እጅ እየነዳሁ ነው። አይቆጡኝ።

ልጃችሁ ትሕትና